የዳከታና የፋፈን ዝሆኖች መታሰቢያ

በእኛ አገር ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ከእገሌና ከእገሊት፣ በዚህ ስፍራ፣ በዚህ ዓመት ተወለደ፤ ይህን ሠራ፣ እነዚህን ልጆች አፈራ ይባልለታል። ለዳከታና ለፋፈን ሸለቆ ዝሆኖች እንዲህ ያለ ታሪክ አልተነበበም። ዕለተ ሞታቸው አንድ ቀን አልነበረምና ለቅሶ የተቀመጠላቸው የለም። ዱዓ ያደረገላቸው፣ ሰልስታቸውን ያወጣላቸውም የለም። አንድ ዓመት መጡ፤ ሌላ ዓመት አንሰው መጡ፤ ከዚያ መምጣቱን ተዉ። ዘግይቶም ቢሆን ታሪካቸው ይነበብ ዘንድ ይህ ተጻፈ።

ከሐረር ተነሥቶ በጅግጅጋ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የኤረርን ሸለቆ ይሻገራል። ከሐረር ቅጥር፣ ከጀጎል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ፣ ኤረር በር፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ቀጥሎ ባቢሌ አለች፤ አገር ሁሉ በማዕድን ውሃዋ፣ በለውዟና በግመል ገበያዋ የሚያውቃት። ከባቢሌ ወዲያ የዳከታ ሸለቆ ይመጣል። ግዙፍ አለት በጠባብ አለት ጫፍ ላይ ቆሞ ሳይወድቅ ዘመናት ያለፉበት፣ እንግዳ ሁሉ ወርዶ ፎቶግራፍ የሚነሳበት ቦታ ነው። ወደ ጅግጅጋ ሲጠጋ ደግሞ የፋፈን ሸለቆ ይዘረጋል። በስተ ምዕራብ፣ ከኤረር ወዲህ፣ ጎበሌ አለ። አራቱም ከጋራ ሙለታና ከጉርሱም ደጋ እየተነሱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳሉ። አራቱም የዝሆን አገር ነበሩ። ዛሬ ዝሆን የቀረው በኤረርና በጎበሌ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ሪቻርድ ሊዴከር እ.ኤ.አ. በ1907 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአፍሪካ ቀንድን ዝሆን ከሌሎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ለይቶ “ኦርሊያንሲ” የሚል የሳይንስ ስም ሰጠው። ስያሜው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው አኗኗራቸው ነው። ሙቀት በበዛበት፣ ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ግራርና የበለስ ቁልቋል እየበሉ ኖሩ። የቁልቋሉን እሾህ አልፈሩትም፤ በድርቅ ጊዜ ውሃም ምግብም ሆናቸው። ወንዙ ሲደርቅ ዝሆን አሸዋውን በእግሩና በኩምቢው ቆፍሮ ውሃ ያወጣል፤ እርሱ ጠጥቶ ሲሄድ ከርከሮው፣ ድኩላው፣ ወፉ ይጠጣበታል። በፋንድያው የወደቀ የግራር ፍሬ ሩቅ ሄዶ ይበቅላል። የዳከታና የፋፈን ዝሆኖች ለዚያ ምድር የሠሩት ሥራ ይህ ነበር፤ ስለ እነርሱ ከሚነገረው ሁሉ ይህ መቅደም ይገባዋል።

ሐረር ስለ ዝሆን ስታስብ ግን ለረጅም ዘመን ያሰበችው ጥርሱን ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ጀጎል ገብቶ አሥር ቀን ሲቀመጥ ከተማዋ ወደ ባሕር ከምትልካቸው ሸቀጦች ውስጥ ከቡናው ጋር የዝሆን ጥርስንም ጽፏል። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ሲገዙም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋን ሲይዙም ንግዱ አልቆመም። በ1880 መጨረሻ ከአደን ተልኮ ሐረር የገባው ወጣቱ ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ሲመዝን ነበር የኖረው። ጥርሱ ከደቡብና ከምሥራቅ ቆላ እየተሰበሰበ ይመጣል፤ በከተማዋ ይመዘናል፤ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ይሻገራል። በሌላ አህጉር የፒያኖ ቁልፍ፣ የቢላ እጀታ፣ የቢልያርድ ኳስ ይሆናል። በአገር ቤትም ዝሆን የጣለ ሰው ስሙ ይጠራ፣ ይፎከርለት ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች በዛሬ ሚዛን ልፈርድባቸው አልፈልግም። ዝሆን የማያልቅ ይመስላቸው ነበር፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ ሣር። ግን ለሁለት ጥርስ አንድ ሕይወት ይጠፋል፤ ትልቅ ጥርስ ያለው ደግሞ ብዙ ዘመን የኖረው ነው። አዳኙ ሳያውቀው ከመንጋው መርጦ የሚወስደው ሽማግሌዎቹን ነበር።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ አራቱንም ሸለቆዎች ያቀፈ። የተቋቋመውም ለእነዚሁ ዝሆኖች ሲባል ነው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የቀሩት እነርሱ ብቻ ነበሩና። በወረቀት ላይ መልካም ሥራ ነበር። ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። በ1977 ጅግጅጋ ወደቀች፤ ግንባሩ ባቢሌን አልፎ ሐረር ደጃፍ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ 1978 መጀመሪያ ተከብባ ቆየች። ታንክና መድፍ የተመላለሰው በዝሆኖቹ መተላለፊያ ላይ ነው። ሰላም ሲመጣ መሣሪያው በቆላው ቀረ። በ1988 ደግሞ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ ሐርቲሼክ ሰፈረ። ሰፈሩ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ሕፃን ታቅፋ የመጣች እናት እንጨት ለቅማ ብታነድድ ማን ይወቅሳታል? ዛፉ ግን አለቀ። ከዚያ ሰፈራ ተከተለ፣ ጫትና ማሽላ ተከተለ፣ የከብትና የግመል መንጋ ውሃ ዳር አደረ። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ከመጠለያው መሬት ከፊሉ ለባዮፊውል የሚሆን ጉሎ እንዲዘራበት ተሰጠ፤ ዝሆን በሚሄድበት ቦታ ማሽን ገባበት።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ምሥራቃዊዎቹ ሁለት ሸለቆዎች ባዶ ሆኑ። የቀሩት ከሦስት መቶ ያነሱ ዝሆኖች በኤረርና በጎበሌ ተጨናንቀው፣ ቀድሞ ይሄዱበት ከነበረው አገር ከግማሽ በላዩን ለቀው ይኖራሉ። እዚያም ለጥርስ ይገደላሉ፤ በቆሎና ማሽላ ሲበሉ ከገበሬ ጋር ይጣላሉ፤ ሰውም ይሞታል፣ ዝሆንም ይሞታል። መንግሥት በመጋቢት 2015 አዲስ አበባ ላይ ስድስት ቶን የሚሆን የተያዘ የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። የሚነድደውን ክምር በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ስንት ሬሳ እንደሆነ ያሰላ አይመስለኝም። እኔ ግን በየቁራጩ ዕድሜ አየሁ።

የእነዚህን ዝሆኖች መጥፋት ባነሳሁ ቁጥር ከወጣቶች የምሰማው መልስ አለ። ሳይንስ ይመልሳቸዋል ይሉኛል፤ ከአንዲት ሕዋስ ሙሉ እንስሳ ማውጣት ተችሏል ይሉኛል። ተስፋቸውን አልንቀውም፤ ከባዶ የመጣ አይደለምና። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ስኮትላንድ፣ ሮስሊን ውስጥ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1996 ዶሊ የተባለች በግ ተወለደች። ኢያን ዊልሙት፣ ኪት ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ከስድስት ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ወሰዱ፤ የራሷ ኒውክሊየስ በወጣላት እንቁላል ውስጥ ጨመሩት። 277 ጊዜ ሞክረው አንዲት ግልገል አገኙ። አሠራሩ ክሎኒንግ፣ የሚወለደውም እንስሳ ክሎን ይባላል። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ያደገ እንስሳ ሕዋስ አንዴ ጡት ወይም ቆዳ ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም ይሉ ነበር። ዶሊ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ከስድስት ዓመት በግ የተወለደች ግልገል ዕድሜዋ ስንት ነው?

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። አሜሪካዊው ሊዮናርድ ሄይፍሊክ በ1961 የሰው ሕዋስ በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ ከአርባ እስከ ስልሳ ጊዜ ያህል ተከፍሎ እንደሚቆም አሳይቶ ነበር። ሕዋስ ቆጣሪ አለው ማለት ነው። ቆጣሪው በክሮሞዞም ጫፍ ያለው ቴሎሜር የሚባለው ክፍል ሆኖ ተገኘ። የነጠላ ጫፍ እንዳይተረተር የሚቋጠረው ዘርፍ ዓይነት ነው፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ትንሽ ያጥራል፣ ሲያልቅ ሕዋሱ መከፈል ያቆማል። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ በዚሁ ጉዳይ ባደረጉት ምርምር በ2009 ኖቤል ተሸለሙ። የዶሊ ቴሎሜር በ1999 ሲለካ ከእኩዮቿ አጥሮ ተገኘ። እርጅናን ይዛ ተወለደች ተባለ። የካቲት 14 ቀን 2003 በስድስት ዓመት ተኩልዋ በሳንባ ዕጢ ምክንያት እንድታርፍ ሲደረግ ብዙ ሰው ነገሩ ተረጋገጠ አለ። ዕጢው ግን በጎችን በሚያጠቃ ቫይረስ የሚመጣ ነበር። በ2016 ኖቲንግሃም የሚገኙ አሥራ ሦስት የክሎን በጎች ተመረመሩ፤ አራቱ ከዶሊ ሕዋስ ዘር የተገኙ ነበሩ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው እንደ ማንኛውም በግ በደህና እያረጁ ነበር። እንቁላሏ የገባባትን ሕዋስ ዕድሜ ትሰርዛለች፤ ሰዓቱን ወደ ዜሮ ትመልሳለች። ይህ በእውነት ድንቅ ነው፤ ስለ እርጅና ካወቅነው ሁሉ ከዚህ የሚያስገርመኝ የለም።

የጠፋ እንስሳ ለመመለስ ከተደረገው ሙከራ በጣም የቀረበው ግን አሳዛኝ ነው። ስፔን ውስጥ የፒሬኔ ተራራ የዱር ፍየል የመጨረሻዋ ሴሊያ በጥር 2000 ዛፍ ወድቆባት ሞተች። ከመሞቷ በፊት ከቆዳዋ ተቆርጦ በቅዝቃዜ የተቀመጠው ሕዋስ በ2003 ግልገል ሆኖ ተወለደ። ሳንባዋ በደንብ አልተሠራም ነበርና ግልገሏ ጥቂት ደቂቃ ኖራ አረፈች። ያች የዱር ፍየል ዘሯ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ጎረቤታችን ኬንያም በመጋቢት 2018 የመጨረሻውን ወንድ ሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ ሱዳንን ቀብራለች፤ ሁለቱን ሴቶች ይዛ በፅንስ ለማዳን እየታገለች ነው።

ዝሆን ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። እስከ ዛሬ ክሎን ተደርጎ የተወለደ ዝሆን የለም። ከሴት ዝሆን እንቁላል ማውጣት ከባድ ነው፤ እርግዝናው ሃያ ሁለት ወር ነው፤ የምትሸከመውም እናት ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ትሆናለች። ከዚህም በላይ ሕዋሱ ራሱ እሺ አይልም። የዚህ ምክንያት ስለ እነዚህ እንስሳት ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል።

ዝሆን ግዙፍ ነው፤ የሕዋሱ ብዛት ከሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስልሳ ዓመት ይኖራል። በየክፍፍሉ ስሕተት የመፈጠር ዕድል አለና በስሌት ቢሆን ዝሆን ሁሉ በካንሰር ማለቅ ነበረበት። አያልቅም። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በካንሰር የሚሞተው ዝሆን ከመቶ አምስት አይሞላም፤ ከሰው እጅግ ያነሰ ነው። ምክንያቱ የተበላሸ ዘረመልን የሚጠብቀው ቲፒ53 የተባለው ጂን ነው። ሰው የዚህ ጂን አንድ ቅጂ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል። ዝሆን ሃያ ሃያ ይወርሳል። የሰው ሕዋስ ሲጎዳ ለመጠገን ይሞክራል፤ አንዳንዴ ስሕተቱን ይዞ ይቀጥላል። የዝሆን ሕዋስ ግን ጉዳቱ ሲሰማው ፈጥኖ ራሱን ያጠፋል፤ ሌላው አካል እንዲተርፍ። በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አገኙ፤ ሊፍ6 የሚባል፣ በሌሎች እንስሳት ሞቶ የቀረ ጂን በዝሆን ውስጥ ዳግም ሕይወት አግኝቶ ይህን ሞት ያስፈጽማል። ስለዚህ ሳይንቲስቶች የዝሆንን ሕዋስ ወደ ኋላ መልሰው እንደ ፅንስ ሕዋስ ሊያደርጉት ሲሞክሩ ሕዋሱ ነገሩን ጉዳት አድርጎ ይቆጥረውና ይሞታል። በ2024 ይህ ተሳካ ተብሎ የተነገረው የጠባቂውን ጂን፣ የቲፒ53ን፣ ሥራ አፍነው ነው። እንግዲህ የዳከታ ዝሆኖች በሰውነታቸው ከእኛ የበለጠ ጥበቃ ይዘው ነበር የሄዱት። ካንሰር ያልጣላቸውን ጥይት ጣላቸው።

እንበልና አንድ ቀን ዝሆንን ክሎን ማድረግ ይሳካል። ከኤረር ዝሆኖች የቆዳ ናሙና ተወስዶ በቅዝቃዜ ቢቀመጥ እኔም ደጋፊ ነኝ። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ማኖር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእህል ዘር ባንካችን ከ1976 ጀምሮ አለ። ሕዋስ ይቀመጥ፤ ሰዓቱም ወደ ዜሮ ይመለስ። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው። ክሎኒንግ የሚሰርዘው ዕድሜን ነው፤ ዳከታና ፋፈን ያጡት ደግሞ ዕድሜን ነው።

የዝሆን መንጋ የሴቶች ቤተሰብ ነው፤ የምትመራው ትልቋ ናት። እሷ ስትዞር ሁሉም ይዞራል። ታንዛኒያ፣ ታራንጊሬ ውስጥ በ1993 ከባድ ድርቅ ገባ። በዘጠኝ ወር ከሰማንያ አንድ ጥጆች አሥራ ስድስቱ ሞቱ፤ በደህናው ዘመን ከመቶ ሁለት ብቻ ናቸው የሚሞቱት። ጥናቱን ያደረጉት ሰዎች እንዳስተዋሉት ከመናፈሻው ወጥተው ወደ ሌላ አገር የሄዱት ቤተሰቦች ጥጆቻቸውን ይበልጥ አተረፉ። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ከ1958 እስከ 1961 የነበረውን ድርቅ ሊያስታውሱ የሚችሉ ያረጁ ሴቶች ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ የውሃ መንገድ በአንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀምጦ ጥጆችን አዳነ። ያ መንገድ በቲፒ53 ውስጥ የለም፤ በየትኛውም ክሮሞዞም ላይ አልተጻፈም። ልጅ ከእናቷ ኋላ እየሄደች የምትማረው ነው።

የዳከታን አሸዋ የት ቢቆፍሩት ውሃ እንደሚወጣ፣ በፋፈን የትኛው ግራር መቼ እንደሚያፈራ፣ ከጉርሱም ግርጌ ወደ ቆላው በየትኛው ሸንተረር እንደሚወረድ የሚያውቁ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው አብረዋቸው ስለሞቱ የሚወርስ አልቀረም። ከላቦራቶሪ የወጣ ጥጃ በዳከታ ሸለቆ ቢለቀቅ ሥጋው ዝሆን ነው፤ አገሩን ግን አያውቀውም፣ የሚያሳየውም የለም። ሰው ሞቶ ልጁ ሲቀር አልሞተም የምንለው ልጁ የቤቱን ወግ ስለሚይዝ ነው። ለእነዚህ ዝሆኖች ይህን ማለት አልተቻለም፤ እኔም ለማጽናናት ብዬ አልለውም።

የቀሩትን በተመለከተ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ የቀራቸውን ጊዜ የሚወስነው የዝሆን ጥርስ ነውና። የምናገረው ስለ መንጋጋ ነው። ዝሆን በሕይወቱ ስድስት ጊዜ መንጋጋ ያበቅላል፤ አንዱ ሲያልቅ ከኋላ ሌላው ይተካል። ስድስተኛው ሲያልቅ ሌላ የለም። ሕዋሱ ካንሰርን አሸንፎ፣ ልቡና አጥንቱ ጸንቶ ሳለ ቅጠል ማኘክ ይሳነውና በስልሳዎቹ ዕድሜ በረሃብ ይሞታል። መጠለያው በተቋቋመበት በ1970 የተወለደች ሴት ዝሆን ዛሬ ኤረር ውስጥ በሕይወት ካለች ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። የመጨረሻ መንጋጋዋን እየጨረሰች ነው። በጥጃነቷ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ከእናቷና ከአያቷ ኋላ ወደ ዳከታ ተሻግራ ሊሆን ይችላል። ከኤረር ወደ ምሥራቅ ያለው መተላለፊያ ከእርሻና ከሰፈራ ነጻ ሆኖ የሚከለልበት፣ ማሽላው ለተበላበት ገበሬም ካሳ የሚከፈልበት ጊዜ ካለ፣ ያ ጊዜ የዚህች ዝሆን ቀሪ ዕድሜ ነው፤ ምናልባት አሥር ዓመት። መንገዱ ከእሷ በኋላ ቢከፈት የሚመራበት አይኖርም።